ሞዴል ዩኤን በትምህርት ቤታችሁ፦ ከዕጣው እስከ ድምጽ ቆጠራው

ብዙ ክበቦች ሞዴል ዩኤን፣ ማለትም ተማሪዎች አገር ወክለው የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ የሚለማመዱበትን ሥራ፣ ይጀምራሉ። ሁለተኛውን ጉባኤ የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ተማሪዎችን ይዤ ይህን ነገር ስሠራ ቆይቻለሁ። ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚደውሉልኝ መምህራን ቅሬታ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። «ልጆቹ ንግግሩን አሳመሩት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ጠፋን።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጆቻችን የሚያውቁት ክርክር ነው፤ «ከእውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» የሚለውን። እዚያ ዳኛ አለ፣ ነጥብ አለ፣ ተቃራኒን ያሳፈረ ያሸንፋል። እዚህ ዳኛ የለም። ያሳፈርከው ልጅ ከሰዓት በኋላ ድምጽ ሲሰጥ እጁን እንዲያወጣልህ ትፈልገዋለህ። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህች ሰዓት የሚያዘጋጁ ናቸው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ቀን ቁረጡ፣ ቋንቋ ወስኑ

ቢያንስ አምስት ሳምንት ያዙ። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ካላችሁ ጉባኤውን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ግፉት።

ቅዳሜን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ሳትነግሯቸው ቅዳሜ ካደረጋችሁት የከተማ ልጆች ብቻ ጉባኤ ይሆናል። ወይ ከሦስት ሳምንት በፊት ንገሯቸውና ስንቃቸውን ቀድመው ያስመጡ፣ ወይ ከርዕሰ መምህሩ አንድ የሥራ ቀን ለምኑ። እኔ መለመኑን እመርጣለሁ።

ሰዓቱም እንደ አገሩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ውስጥ ጠዋት 2፡00 ላይ ብትጀምሩ የአገር ስም የተጻፈበትን ካርድ ለማንሳት ከጋቢ ውስጥ የሚወጣ እጅ አታገኙም። 3፡00 ጀምሩ። ሸዋ ሮቢት ግን ተቃራኒው ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ያደክማል፤ ስለዚህ 2፡00 ጀምራችሁ ዋናውን ሥራ ከምሳ በፊት ጨርሱ።

ቋንቋው? የመጀመሪያውን በአማርኛ አድርጉት። ሌሎች ጉባኤዎች በእንግሊዝኛ ስለሚካሄዱ «ልጆቹ ይለማመዱ» የሚል መምህር አይጠፋም። በእንግሊዝኛ ስትጀምሩ ግን ሦስት ልጆች ይናገራሉ፣ አርባ አምስቱ ያጨበጭባሉ። ሥርዓቱን በአማርኛ ይልመዱት፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ይሁን።

ደረጃ 2፦ አጀንዳውን አጥብቡ

«የአየር ንብረት ለውጥ» አጀንዳ አይደለም። «ሰላም»ም አይደለም። እንዲህ ሰፊ ከሆነ ሁሉም አገር ይስማማና በሃያ ደቂቃ ያልቃል።

ጥሩ አጀንዳ አገሮችን የሚከፍል ነው። የምመክራችሁ «ንጹህ የመጠጥ ውሃ በገጠር ትምህርት ቤቶች፦ ወጪውን ማን ይሸፍን?» የሚለውን ነው። ጀሪካን ተሸክሞ ወረፋ የጠበቀ ልጅ ስለ ውሃ ሲናገር ከወረቀት አያነብም። «ወጪውን ማን ይሸፍን» የምትለዋ ጅራት ደግሞ ልዩነቱን ታመጣለች። እሷን አትቁረጧት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ውስጥ ፖለቲካ አታንሱ። ልጆቹ የሚወክሉትን አገር ረስተው የራሳቸውን ስሜት ይዘው ይነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥርዓቱ መመለስ አይቻልም።

ደረጃ 3፦ አገር በዕጣ ስጡ

የተባበሩት መንግሥታት 193 አባል አገራት አሉት። ለአንድ ክፍል 24 ይበቃሉ። ለአንድ አገር ሁለት ተማሪ ብትመድቡ 48 ልጅ ይሳተፋል። ጥንዶቹን ራሳችሁ አጣምሩ፤ ተናጋሪውን ከጸሐፊው፣ ደፋሩን ከዝምተኛው። አገሩ ግን በዕጣ ይሁን። በምርጫ ከሆነ ሁሉም ኢትዮጵያን ወይም አሜሪካን ይላል።

አገሮቹን ስትመርጡ ያለፈ ድምጻቸውን እዩ። ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹህ የመጠጥ ውሃንና የአካባቢ ንጽሕና አገልግሎትን እንደ ሰብዓዊ መብት የሚያውቅ ውሳኔ አጽድቆ ነበር። ቁጥሩ 64/292 ነው። ሐሳቡን ያቀረበችው ቦሊቪያ ናት። 122 አገራት ደገፉ፣ የተቃወመ የለም፣ 41 ድምጸ ተአቅቦ አደረጉ፤ አልደገፉም፣ አልተቃወሙም ማለት ነው። ከደጋፊዎቹ ግብጽን፣ ብራዚልን፣ ሕንድን፣ ጀርመንን ውሰዱ። ከተአቅቦው ወገን አሜሪካን፣ እንግሊዝን፣ ጃፓንን፣ ቱርክን፣ ኬንያን፣ ዛምቢያን። ኢትዮጵያም ተአቅቦ አድርጋለች። ይህን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። ዕጣው የደረሳቸው ልጆች ራሳቸው ያግኙትና ይደንግጡ። «ለምን?» ብለው መጠየቅ የጀመሩ ዕለት ጥናት ገብቷቸዋል ማለት ነው።

*ሲበላሽ፦* የግብጽ ዕጣ የደረሰው ልጅ ሊያኮርፍ ይችላል። በመጀመሪያው ጉባኤያችን ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ግማሽ ቀን ዝም ያለ ልጅ ነበረን። ገና ስሙ ሲጠራ ክፍሉ «ኡ!» ብሎበት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አስቀድሜ አላዘጋጀኋቸውም። አሁን ዕጣው ሳይወጣ ለሁሉም አንድ ነገር እነግራለሁ፦ የምትወክሉትን አገር መውደድ አይጠበቅባችሁም፣ ማወቅ ነው። ደግሞም ነገሩ እንደሚያስቡት አይደለም። ግንቦት 13 ቀን 1989 ዓ.ም. ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን የሚመለከተው ስምምነት ለድምጽ ሲቀርብ 103 አገራት ደግፈው 3 ብቻ ተቃወሙ። ድምጸ ተአቅቦ ካደረጉት 27 አገራት መካከል ኢትዮጵያም ግብጽም ነበሩበት። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ደረጃ 4፦ አንድ ገጽ ጥናት

ከአንድ ገጽ በላይ አትቀበሉ። ከቴሌግራም የተገለበጠ አምስት ገጽ የሚያነበው የለም፣ የጻፈውም አላነበበውም። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በእጅ ጽሑፍ ይመልሱ፦

1. አገሩ ውሃ ሞልቶታል ወይስ ይቸግረዋል?
2. ገንዘብ ሰጪ ነው ወይስ ተቀባይ?
3. በየትኞቹ ማኅበራት ውስጥ አለ? የአፍሪካ ኅብረት፣ የዓረብ ሊግ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ቡድን 77 (የታዳጊ አገሮች ስብስብ)?
4. በውሳኔ 64/292 ላይ ምን ድምጽ ሰጠ? ምክንያቱን ተናግሯል? (አሜሪካን ጨምሮ አንዳንዶቹ «ጄኔቫ ላይ በሰብዓዊ መብት ምክር ቤት የተጀመረው ሥራ ሳያልቅ ለምን ተቸኮለ?» የሚል ቅሬታ ነበራቸው።)
5. ከዚህ ጉባኤ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢወጣ ምን ይፈልጋል? የማይሰጠውስ ምንድን ነው?

አምስተኛው ላይ ጨክኑ። «ሰላምና ልማት» ብሎ የጻፈውን መልሱለት።

መረቡ ደካማ ከሆነ አንድ መምህር የድምጽ ዝርዝሩን ከተባበሩት መንግሥታት ዲጂታል ላይብረሪ አውርዶ አንድ ኮፒ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ስልክ የሌለው ልጅ በዚህ ወደኋላ አይቀርም።

ዓመተ ምሕረት አያምታታችሁ። የውጭ ሰነድ ላይ ያለውን ዓመት ከጥር መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ላለ ቀን ስምንት ቀንሱ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ላለ ሰባት ቀንሱ። መሐል ላይ ላለ ቀን ካላንደር እዩ። በአንዱ ወረቀት ላይ 2010፣ በሌላው 2002 ተጽፎ ስለ አንድ ቀን ሁለት አገሮች ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ አጠራርና ልምምድ

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ጉባኤው የሚፈርሰው ግን እዚህ ነው። አብረው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች በድንገት «እርስዎ» ሲባባሉ ይስቃሉ። አንዱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ በክበቡ ሰዓት «አንተ» እና «አንቺ» ይከልከሉ። ሳቁ በሦስተኛው ቀን ያልቃል።

አጠራሩ ይህ ነው። ለሰብሳቢው «ክቡር ሰብሳቢ» ወይም «ክብርት ሰብሳቢ»። ለሌላው «የተከበሩ የኬንያ ልዑክ»። ስለ ራስ ሲናገሩ ደግሞ «እኔ» የለም፣ «ቱርክ ታምናለች» ነው። «አገሬ» የሚለውንም ለጀማሪ ከልክሉ። ልጁ «አገሬ» ሲል ልቡ ወደ ትክክለኛው አገሩ ይሄድና ጃፓንን ወክሎ ስለ አባይ ያወራል።

የመክፈቻ ንግግር አንድ ደቂቃ ነው፤ በአማርኛ ከ90 እስከ 100 ቃል ይይዛል። በሰዓት አስለማምዷቸው። ሦስት ነገር ይኑረው፦ አገሩ ምን ይላል፣ ምን ይጠይቃል፣ ከማን ጋር መሥራት ይፈልጋል። ሦስተኛዋ ከጠፋች ንግግሩ ግጥም ሆኖ ይቀራል።

ሰብሳቢ ማን ይሁን? መምህር አይሁን። መምህር ከተቀመጠ ልጆቹ ለጎረቤት አገር ሳይሆን ለእሱ ይናገራሉ። ሁለት ተማሪ አሠልጥኑ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ጨምሩ። ሦስቱም አገር አይወክሉም፣ ድምጽም አይሰጡም። እናንተ ኋላ ተቀመጡና ዝም በሉ።

ደረጃ 6፦ ዕቃ

የአገር ስም የተጻፈበት ካርቶን (ካርዱ ይህ ነው) ለእያንዳንዱ አገር፣ ማርከር፣ ነጭ ወረቀት፣ የግድግዳ ሰዓት። ለሰብሳቢው መዶሻ ካጣችሁ የቡና ዘነዘና ይሠራል፤ እኛ ዛሬም በእሱ ነን። ሁሉንም ወረቀት ከአንድ ቀን በፊት አትሙ። መብራት የሚጠፋው ፕሪንተሩ ፊት የቆማችሁ ሰዓት ነው።

ቆሎና ዳቦ አዘጋጁ። የሥራ ቀን ዓርብ ወይም ረቡዕ ከሆነ የጾሙን ነገር አስቡ። ቆሎው ለጌጥ አይደለም፣ ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 7፦ የዕለቱ ቅደም ተከተል

3፡00፦ ስም ጥሪ። ሰብሳቢው አገሮቹን በፊደል ተራ ይጠራል። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ «ተገኝቻለሁ» ወይም «ተገኝቻለሁ፣ ድምጽም እሰጣለሁ»። ሁለተኛውን ያለ አገር ውሳኔው ላይ ድምጸ ተአቅቦ ማድረግ አይችልም። ይህን ሳያውቁ ለማሳመር የሚሉት አሉ፤ ከጥሪው በፊት አስጠንቅቁ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ቃለ ጉባኤ ያዡ ይመዝግብ።

3፡20፦ የመክፈቻ ንግግር። 24 ደቂቃ አይበቃም። ተነስቶ መሄዱ፣ ወረቀት መፈለጉ ተደምሮ ከ45 ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ዘነዘናው አንዴ ይመታ። በርዕሰ መምህሩ ልጅም ላይ ይመታ።

4፡20፦ የተመራ ውይይት። አንድ አገር ካርዱን አንስቶ «ስለ ጥገና ወጪ ለ15 ደቂቃ፣ ለአንድ ተናጋሪ 45 ሰከንድ» ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ጉባኤው በእጅ ብልጫ ያጸድቃል። ርዕሱ፣ ጠቅላላ ሰዓቱና የተናጋሪው ሰዓት ካልተባሉ ሰብሳቢው አይቀበል።

እዚህ ላይ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!» የሚል ልጅ ይነሳል። በየአምስት ደቂቃው ይነሳል። ሕጉን ንገሩት፦ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ሰብሳቢው ሕግ ሲጥስ ብቻ ነው። የተናጋሪውን ሐሳብ አለመውደድ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አይሆንም። ድምጽ አልሰማ ካለው «የግል ችግር አለኝ» ይበል። ሕጉ ካልገባው «ማብራሪያ እፈልጋለሁ» ይበል።

5፡10፦ ነጻ ውይይት። ሁሉም ከወንበሩ ይነሳል። ቆሎው ይወጣል። መምህራን የሚደነግጡት እዚህ ነው፤ ጫጫታ ይሆናል፣ ገበያ ይመስላል። ተዉት፤ ዲፕሎማሲው ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ቱርክን የወከለች ልጅ የቆሎ ሳህኑን ይዛ ከቡድን ቡድን ስትዞር አየሁ። ለእያንዳንዱ ቆሎ ታቀርባለች፣ እፍኙን እስኪያላምጥ ጠብቃ ትጠይቃለች። «አንተ የጥገናውን አንቀጽ ካወጣህልኝ እኔ የሥልጠናውን እደግፋለሁ።» በመክፈቻው ንግግር ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር የተናገረችው። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ያለፈው በእሷ ነው።

አንድ ልማድ እዚህ ያደናቅፋል። እኛ ጋ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ መሐል ይገባል፣ «ተዉ» ይላል፣ ይታረቃል። ልጆቹም ሲከር ወደ መምህሩ ያያሉ። እናንተ ሽማግሌ አትሁኑ። «ሂድና ከብራዚል ጋር ተነጋገር» ብላችሁ መልሷቸው።

*ሲበላሽ፦* ከሁለት አገሮች በላይ ብቻቸውን ከቆሙ ሰብሳቢው ሄዶ «የእናንተን ድምጽ ማን ጠየቃችሁ?» ይበላቸው። «ማንም» ካሉት ድምጻቸው ዋጋ እንዳለው ነግሮ ወደ ሁለት ቡድን ይምራቸው። አንድ ቡድን ሁሉንም ከጠቀለለ ደግሞ ገንዘብ ሰጪ አገሮችን «ይህን ሁሉ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቡድኑ ወዲያው ይሰነጠቃል።

6፡00 ምሳ፤ 7፡30 ረቂቅ፤ 9፡00 ድምጽ፤ 10፡00 መውጫ። ከ10፡00 አትለፉ። ሩቅ የሚሄድ ልጅ አለ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ መኪናም አይሄድም።

ደረጃ 8፦ የውሳኔ ሐሳብ መጻፍ

የውሳኔ ሐሳብ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መጀመሪያ ምክንያቶቹ ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ቁጥር የተሰጣቸው ውሳኔዎች። ከእንግሊዝኛ የሚገለብጡ ልጆች ግሱን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡታል፤ «በማስታወስ፣ ውሳኔ 64/292ን…» ይላሉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ይፈልጋል። የሥርዓተ ነጥቡ ነገር ደግሞ ለእኛ ቀላል ነው፦ ምክንያቶቹ በነጠላ ሰረዝ ያልቃሉ፣ ውሳኔዎቹ በድርብ ሰረዝ፣ የመጨረሻው ብቻ በአራት ነጥብ። ሰሌዳ ላይ ይህን ጻፉላቸው፦

ጠቅላላ ጉባኤው፣
ውሳኔ 64/292ን በማስታወስ፣
የተበላሹ የውሃ ነጥቦች ሳይጠገኑ መቆየታቸውን በመገንዘብ፣
1. አባል አገራት ለእያንዳንዱ የገጠር ትምህርት ቤት የውሃ ነጥብ ጠጋኝ እንዲያሠለጥኑ ይጠይቃል፤
2. አቅም ያላቸው አገራት የመለዋወጫ ወጪ እንዲያግዙ ያበረታታል፤
3. ጉዳዩን በሚቀጥለው ጉባኤ ለማየት ይወስናል።

ግሶቹን ጠብቁ። ይጠይቃል፣ ያሳስባል፣ ያበረታታል፣ ይጋብዛል፣ ይመክራል፤ እነዚህ ያልፋሉ። «አባል አገራትን ያስገድዳል»፣ «ይቀጣል» ካለ መልሱ። ጠቅላላ ጉባኤው አገራትን አያስገድድም፤ ለእነሱ የሚያቀርበው ምክረ ሐሳብ ነው። አስገዳጅ ውሳኔ የሚያወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ እሱም 15 አባላት፣ አምስት ቬቶ (ውሳኔን ብቻቸውን የመጣል መብት) ያላቸው አገራት ያሉት ሌላ ቤት ነው። በመጀመሪያ ጉባኤ አትንኩት።

ረቂቁ ለውይይት እንዲቀርብ ቢያንስ የአምስት አገሮች ፊርማ ይኑረው። ፈራሚ ማለት ደጋፊ ማለት አይደለም፣ «እንወያይበት» ማለት ብቻ ነው። ይህን በደንብ አስረዱ፤ አለበለዚያ ተቃዋሚ አገር አይፈርምም፣ ረቂቁም ወንበር ላይ ይቀራል።

ማሻሻያ ሲመጣ የረቂቁ አቅራቢዎች ሁሉም ከተስማሙበት ያለ ድምጽ ይግባ። አንዱም እንቢ ካለ ጉባኤው ድምጽ ይስጥበት። ተራ የፊደል ስህተት ማሻሻያ አይደለም፤ ጸሐፊው ያርመው።

ደረጃ 9፦ ድምጽ

በር ይዘጋል። ማንም አይወጣም፣ አይገባም፣ ወረቀት አይለዋወጥም። ሰብሳቢው «የሚደግፉ» ይላል፣ ካርዶች ይነሳሉ፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል። ቀጥሎ «የሚቃወሙ»፣ ቀጥሎ «ድምጸ ተአቅቦ»።

ስሌቱ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። 24 አገር ስላለ 13 ያስፈልጋል ይላሉ። ድምጸ ተአቅቦ ግን ድምጽ እንደሰጠ አይቆጠርም። 9 ደግፈው፣ 7 ተቃውመው፣ 8 ተአቅቦ ቢያደርጉ ውሳኔው አልፏል። እንደ ሰላምና ጸጥታ ባሉ ዋና ጉዳዮች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ይጠየቃል፤ ድምጽ ከሰጡት ከ16ቱ 11 ማለት ነው፣ ስለዚህ በ9 ይወድቃል። አጀንዳችሁ የቱ እንደሆነ ጠዋት ላይ አስታውቁ። ከቆጠራ በኋላ ካስታወቃችሁ ጠብ ነው።

*ሲበላሽ፦* ሁለቱ ቆጣሪዎች ካልተስማሙ በስም ጥሪ ድገሙት። እኩል ከወጣ ውሳኔው ወድቋል፤ ሰብሳቢው አይወስንም። ሁሉም ረቂቅ ከወደቀም ጉባኤው አልከሸፈም። የወደቀበትን ቁጥር ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉና በማግስቱ ክበብ ላይ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ «ሁለት ድምጽ ጎደለ። ማንን መጠየቅ ነበረባችሁ?»

ከመበተናችሁ በፊት

ምርጥ ተናጋሪ ብላችሁ አትሸልሙ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ለንግግር ብቻ ይመጣል። መሸለም ካለባችሁ በረቂቁ ላይ ብዙ ፊርማ ያሰባሰበውን ሸልሙ።

ቃለ ጉባኤው ዕለቱን ይፈረም። ካርዶቹን በቁጥር ተረከቡ፤ 24 ወጥተው 24 ይግቡ። በፌስታል ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። የአምናዎቹን አይጥ በልቷቸው በዋዜማው ሌሊት ካርቶን ስቆርጥ አድሬአለሁ።